ቅጠሏ የሌለችበት ቡና

ባለፈው ወር የልጄ ትምህርት ቤት በዓል ነበረው። እዚህ ጀርመን በእንዲህ ዓይነት ቀን ወላጅ ሁሉ የሆነ ነገር ሠርቶ ይሸጣል፤ ገቢው ለትምህርት ቤቱ ነው። እኔ ቡና ያዝኩ። ይርጋጨፌ ያሉት አጎቴ ከጓሯቸው ለቅመው፣ አስፈልፍለው የላኩልኝን በሌሊት ተነስቼ ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ ሁለት ፔርሙዝ ሙሉ። ስኒው በ1 ዩሮ። ካርቶን ላይም በትልቁ «ባዮ ቡና» ብዬ ጻፍኩ፤ ባዮ ማለት ያለ ኬሚካል ማዳበሪያና ያለ ኬሚካል መድኃኒት የበቀለ ማለት ነው።

አዘጋጇ መጥታ በትሕትና «ማረጋገጫ አለሽ?» አለችኝ። የለኝም። እንግዲያው ቃሉ ይነሳ አለች፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ያለ ማረጋገጫ «ባዮ» ብሎ መሸጥ ክልክል ነው። ሰረዝኩት። አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ ያች በከዋክብት የተሠራች አረንጓዴ ቅጠል፣ የኅብረቱ የባዮ ምልክት፣ የታተመችበት የቡና ፓኬት ቆሟል። ስኒው 1 ዩሮ ከ50። ሰልፉ እዚያ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ምን መሰላችሁ? ይርጋጨፌ!

አንጀቴ እርር አለ። ማታ ጋሼ ጋ ደውዬ «ለቡናው ማዳበሪያ ይጨምሩበታል እንዴ?» አልኳቸው።

«የምን ማዳበሪያ፣ ልጄ? የእንሰቱም የዛፉም ቅጠል እዚያው ይረግፋል፣ እዚያው ይበሰብሳል። ቡናው የሚበላው እሱን ነው።»

ይሄ አሠራር ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው፣ ይርጋጨፌ ያለችበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር አካል ነው። ቅጠሏን ለማግኘት ግን ገበሬው በማኅበር ተደራጅቶ፣ መዝገብ ይዞ፣ በየዓመቱ ተፈትሾ፣ ክፍያውም ተከፍሎ ነው። ጋሼ ማኅበር ውስጥ የሉም፤ እሸቱን ለሰብሳቢ ነው የሚሸጡት።

በገዢዎቹ አልፈርድም። አንዷን እናት ለምን ያንን እንደመረጠች ስጠይቃት «ገበሬውን አላውቀውም፤ ምልክቱን ግን አውቀዋለሁ» አለችኝ። ይሄ ንግግሯ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እኛ ቅቤና ማር ስንገዛ የምናምነው ደንበኛችንን ነው፤ እሷ «የገጠር ነው» ካለች አለቀ። ቲማቲምና ሽንኩርት ላይ ስንደርስ ግን ደንበኛም የለ፣ ምልክትም የለ። አትክልት ተራ ቆሞ ይሄ የመቂ ቲማቲም ስንት ጊዜ መድኃኒት ተረጨ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ጠንከር ያለውን፣ የሚያብለጨልጨውን መርጠን፣ ዋጋ ተከራክረን እንሄዳለን። እዚህ ሰው የማያውቀው አገር አፈር እንዳይጎዳ ብሎ 50 ሳንቲም ሲጨምር ሳይ ከልቤ ቀናሁ። የሚያበግነኝ ዕድሜ ልካቸውን ያንን አፈር የጠበቁት ሰውዬ ከዚያ 50 ሳንቲም አምስት እንኳ የማይደርሳቸው መሆኑ ነው።

አንደኛው ፔርሙዝ እንደሞላ ወደ ቤት ተመለሰ። ጋሼም ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ይጠይቁኛል፦ «ያችን ቅጠል የት ሄጄ ነው የማወጣት?»