ቀለምና አንድ የዲኤንኤ ቁራጭ አዲስ ዝርያ ለማለት አይበቁም

አንድን የሐሩር ወንዝ ዓሣ በአዲስ ዝርያነት የሚያቀርብ ጽሑፍ አነበብኩ። ጽሑፉ ዓሣው በቀለሙና በአንድ የዲኤንኤ ቁራጭ ስለተለየ ብቻ አዲስ ዝርያ ነው ይላል። ይህ ችኮላ ነው። በብዙ የሐሩር ወንዝ ዓሦች የአንዱ ዝርያ ወንድና ሴት እንኳ በቀለም አይመሳሰሉም፤ ዝርያዎች ሲዳቀሉ ደግሞ ዲኤንኤው ያሳስታል።

ናሙናው የሚዘጋጅበት ቅደም ተከተልም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ በሕይወት ሳለ ፎቶ ማንሳት፤ ናሙና እንዳይበሰብስ በሚያቆየው ኬሚካል፣ በፎርማሊን ውስጥ፣ ቀለሙ ይጠፋል። ቀጥሎ ከቀኝ ጎኑ ትንሽ ሥጋ ቆርጦ 95% ኢታኖል (አልኮል) ውስጥ መክተት። ግራው ጎን ሳይነካ ይቆይ፣ ልኬቱና ቆጠራው በልማድ በዚያ በኩል ነውና። ከዚህ በኋላ ብቻ ክንፎቹን ዘርግቶ 10% ፎርማሊን ውስጥ (1 እጅ ፎርማሊን በ9 እጅ ውሃ) ማስገባት። ቀድሞ ከገባ ዲኤንኤው ይጎዳል። ትልቅ ዓሣ ሆዱ ካልተሰነጠቀ ከውስጥ ይበሰብሳል። በመጨረሻ በውሃ ታጥቦ ወደ 70% ኢታኖል ይዛወራል።

ርዝመቱ ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራት ክንፍ መነሻ ይለካ፤ የጅራት ጫፍ ስለሚሰበር አያስተማምንም። በዓሣው ጎን ላይ በሚታየው መስመር ያሉት ቅርፊቶችና ክንፉን የሚደግፉት ጨረሮች በአንድ ዓሣ ሳይሆን በብዙዎች ላይ ይቆጠሩ።

በጽሑፉ ያጣሁት ትልቁ ነገር ግን ንጽጽሩ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ ስም የተሰጠባቸው፣ ሙዚየም ውስጥ ያሉት ናሙናዎች ታይተዋል? ለዚሁ ዓሣ ተረስቶ የቆየ የድሮ ስም ካለ ቅድሚያው የእርሱ ነው።