በሰው ማዘርቦርድ ላይ ጀግና

"አብራው ባክህ፣ ምንም አይልም!"

ይቺን ነገር የሚል ሰው አንድም ቀን በራሱ ዕቃ ላይ ሲላት ሰምቼ አላውቅም። ሰሞኑን ኮምፒውተሬን ውሃ እየሞላሁ (አዎ ውሃ፣ ኮምፒውተር ውስጥ፣ እመጣበታለሁ) አንዱ የሰፈሬ ልጅ ጥግ ላይ እንደተቀመጠ ለቀቀብኝ። ዞር ብዬ አየሁት። የተቀመጠው በኔ ወንበር፣ የሚጠጣው የእናቴን ቡና፣ የሚደፍረው በኔ ንብረት። ከራሱ ያዋጣው ምክር ብቻ ነው።

ነገሩ ላልገባው ሰው ላስረዳ። እኔ የምኖረው በሰርግ ቪዲዮ ነው። ጅማ ውስጥ ከረመዳን በፊት የሙስሊሙ፣ ከፋሲካ በኋላ የክርስቲያኑ ሰርግ ይከመርብኛል፣ ሁሉም ሙሽራ ደግሞ ፎር ኬ ይላል፣ ድሮን ይላል፣ ስሎው ሞሽን ይላል፣ ሳምንት ሳይሞላው ይደውልና "ደረሰ?" ይላል። ሲፒዩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ደግሞ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ፋኑ ይጮሃል፣ ሙሽራው ይጮሃል፣ እኔም እጮሃለሁ። ስለዚህ በዱባይ ዘመድ ሻንጣ በቁራጭ በቁራጭ ዕቃውን አስመጣሁ፤ ፓምፕ፣ ራዲያተር፣ ሲፒዩው ላይ የሚታሰር የመዳብ ብሎክ፣ ቱቦ፣ ፊቲንግ (የቱቦ መገጣጠሚያ)፣ ውሃው የሚጠራቀምበት ግልጽ ታንከር። ፓምፑ ውሃውን በሲፒዩው ላይ ያሳልፈዋል፣ ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ ራዲያተሩ ጋ ይሄዳል፣ እዛ ፋን ያቀዘቅዘዋል፣ ይመለሳል። የመኪና ራዲያተር የሚያውቅ ሰው ገብቶታል። ውሃ ኪሎ ለኪሎ ከአየር አራት እጥፍ ያህል ሙቀት ስለሚሸከም ነው ይሄ ሁሉ ጣጣ።

ሲሞሉት ግን ዝም ብሎ መገልበጥ የለም። መጀመሪያ ከፓምፑ በስተቀር ሁሉንም ኤሌክትሪክ ከሚያከፋፍለው ፓወር ሳፕላይ ትነቅላለህ፣ ከዛ ማዘርቦርዱ (ሲፒዩውን የተሸከመው ዋናው ሰሌዳ) ላይ የሚሰካውን ባለ 24 ፒን ገመድ ይዘህ አረንጓዴዋን ሽቦ ከአንዷ ጥቁር ጋር በቁራጭ ሽቦ ታገናኛታለህ፣ ያኔ ማዘርቦርዱ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ፓምፑ ብቻውን ይሰራል። ቢያፈስ እንኳን ኤሌክትሪክ የሌለው ዕቃ ላይ ነው የሚያፈሰው፣ ታደርቀዋለህ በቃ። ታንከሩን ትሞላለህ፣ ታበራለህ፣ ፓምፑ ጉርርር ብሎ ይውጠዋል፣ ሳያልቅበት ቶሎ ታጠፋለህ፣ ምክንያቱም የፓምፑ ዘይት ራሱ ውሃው ነው፣ ደረቁን ከዞረ ይበላል። እንደገና ትሞላለህ፣ ታበራለህ፣ ታጠፋለህ። ከዛ ነው የኤሩ፣ ማለት የታፈነው አየር፣ ነገር የሚመጣው። ነጫጭ አረፋዎች በቱቦው ውስጥ ተከታትለው ሲሮጡ ታያለህ፣ ታንከሩ ጋ ሲደርሱ ክዳኑ ክፍት ስለሆነ ይወጣሉ፣ ዋናው ኤር ግን ራዲያተሩ ጥግ ውስጥ ተወሽቆ አልወጣም ይላል። እሱን ለማስወጣት ኬዙን፣ የኮምፒውተሩን ሳጥን፣ እንዳለ አቅፈህ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ ታዘነብለዋለህ፣ የሆነ ቦታ ላይ "ቡልቅ" ይልና የታንከሩ ውሃ ወረድ ይላል፣ ትጨምርበታለህ። በየፊቲንጉ ስር ነጭ ሶፍት አንጥፈሃል፣ ሶፍቷ ላይ አንዲት እርጥብ ነጥብ ካየህ ጎሚኒው በደንብ አልተቀመጠም ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ 24 ሰዓት ሙሉ ፓምፑ ብቻውን እየዞረ ይዋል ይደር የሚሉ አሉ። እኔ ከነሱ ወገን ነኝ።

እንግዲህ እዚህ መሃል ነው "አብራው ባክህ" የመጣው።

የሚያናድደኝ ደግሞ ልጁ መታገስ ስለማይችል አይደለም። ይችላል! ከደቂቃዎች በፊት እህቴ ጀበናውን ከእሳት አውርዳ ልትቀዳ ስትል "ኧረ ይስከን እንጂ፣ አተላውን ልታጠጪን ነው እንዴ?" ያላት እሱ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ነው፣ ጅማ ተወልዶ ያደገ፣ ሳይሰክን የተቀዳ ቡና ምን እንደሚመስል ጠንቅቆ የሚያውቅ። የኔ ታንከር ውስጥ ያለው አረፋ እስኪጠራ ለመጠበቅ ግን አንጀት የለውም። አተላው የሚገባው በራሱ አፍ ነዋ! ጭራሽ "ውሃው ከሞቀ ቡና እናፈላበታለን" ብሎ ሳቀ። ጅማ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ የኔ ውሃ ደግሞ ሰላም ከሆነ ከአርባ ብዙም አያልፍም፣ ስልሳ ከገባ ቱቦው መለስለስ ይጀምራል፣ እያልኩ ሳስረዳው እሱ ስልኩን እየነካካ ነበር።

"በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት" የሚለውን ተረት ስወደው ለጉድ ነው። አስቡት፣ ውስጡ ሀኪም የለም። ቁስለኛው አለ፣ እንጨቱ አለ፣ እንጨት ያዡ አለ፣ ቆሞ "ግባ በለው" የሚል አለ። ሙሉ ሰፈር በአራት ቃል።

እንጨት ካነሳን አይቀር። ጅማ በእንጨት ስራዋ አገር ያወቃት ከተማ ናት፣ ባለ ሶስት እግሩን በርጩማ የማያውቅ የለም፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ፣ የትም ጎርባጣ መሬት ላይ ብታስቀምጠው ንቅንቅ የማይል። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ እኔ ጠረጴዛ አሰራሁ። ሳንቃውን በእጄ ስነካው ይቀዘቅዛል፣ "ወንድሜ ይሄ አልደረቀም እኮ" አልኩት ባለሙያውን። "ምንም አይልም፣ ቤትህ ገብቶ ይደርቃል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቤቴ ገብቶ ደረቀ። ሲደርቅ ተጣመመ፣ ሲጣመም አንድ እግሩ ከመሬት ተነሳ፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ መሳቢያው አብጦ አልከፈት አለ። ልነግረው ስሄድ ያለኝን ታውቃላችሁ? "ቤትህ እርጥበት አለው።" ይኸው ስንት ዓመት አለፈ፣ በሱ ሱቅ በኩል ሳልፍ አሁንም በሌላኛው ጠርዝ ነው የምሄደው፣ ሰላምታዬን ነፍጌዋለሁ፣ እሱ ልብ ማለቱን እንጃ። ኬዙ የተቀመጠው እዛው ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ኤሩ ሁሉ የራዲያተሩ ግራ ጥግ ላይ ይሰበሰብልኛል፣ ቢያንስ የት እንዳለ አውቃለሁ።

ውሃውስ ከየት መጣ በሉኝ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ ማዕድን አለው፣ ብሎኩ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ላይ ይጋገራል፣ ካፈሰሰም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ዲስቲልድ ነው የሚፈለገው፣ ተኖ ማዕድኑን ጥሎ የመጣ፣ መኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው ዓይነት። ይሄን ስል ጎረቤታችን እትዬ "ልጄ ምን ያለፋሃል፣ ሰማዩ እየሰጠህ" ብለው ከጣሪያቸው ስር ባልዲ ደቀኑልኝ። ጅማ ዝናብ አይነፍግም እሱስ ልክ ነው፣ ግን በዛገ ቆርቆሮ ላይ ወርዶ የመጣ ውሃ እንዴት አድርጌ... በቃ ተቀብዬ አመስግኜ አበባ አጠጣሁበት። የባትሪ ውሃ ፍለጋ ወደ አንድ መለዋወጫ ሱቅ ስሄድ ደግሞ ልጁ ምልክት የሌላቸው ሁለት ጀሪካኖች አወጣ፣ አንዱ አሲድ አንዱ ውሃ። የትኛው ውሃው ነው ስለው ሁለቱንም ከፍቶ አሸተተና "ሁለቱም ባትሪ ውስጥ ነው የሚገቡት፣ ምንም አይልም" አለኝ። እኔ እዛ ሱቅ ውስጥ የቆምኩት ሁለት እግር ይዤ ነው፣ በሁለቱም ወጣሁ። የታሸገ አገኘሁ በመጨረሻ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ደግሞ በስልክ "አሉሚኒየም ራዲያተር ልላክልህ፣ ርካሽ ነው" ብሎ ነበር። ብሎኬ መዳብ ነው፣ መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ውሃ ከተገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ዝገቱም መስመሩን ይደፍነዋል። እሱም ምን እንዳለኝ መናገር አያስፈልገኝም።

አሁን ጅሬን ላይ ቤተ መንግስታቸው ያለውን አባ ጅፋርን ውሰዱ። ዳግማዊ አባ ጅፋር በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ገዙ። ምኒልክ ሲመጡ አልገጠሙም፣ ግብር እየከፈሉ አገራቸውን በእጃቸው አቆዩ። እንደኔ ግምት አጠገባቸው "ግጠም ጌታዬ፣ ምንም አይልም" ያለ ሰው አይጠፋም፣ እንዲህ አይነት ሰው የሌለበት ግቢ የለም። ግን ጅማ የማን ነበረች? የሳቸው። የሚቃጠለው ቤት የማን ነበር? የሳቸው። ባለቤቱ ያስባል፣ ተመልካቹ ያጨበጭባል።

ከመጡት ጎብኚዎች ሁሉ ነገሩ የገባቸው ጡረታ የወጡት ሾፌር ጎረቤቴ ብቻ ናቸው። ቱቦውን አጎንብሰው አይተው "ኤር አለው" አሉ። አለው ጋሼ አልኳቸው። በጎልማሳነታቸው ከባድ መኪና ይዘው ግቤ በረሃ ውስጥ የናፍጣው መስመር ኤር ይዞ ቆመው፣ ረዳቱ በእጅ ፓምፕ እየገፋ፣ እሳቸው ብሎኗን ላላ አድርገው አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍጣ እስኪመጣ ሲጠብቁ፣ ጭነቱ ላይ የተሳፈረው ሁሉ "አስነሳው እንጂ!" እያለ እንዳበዳቸው አጫወቱኝ። "ኤርን አታስቸኩለውም ልጄ" ብለው ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

እሳቸው እንደወጡ መብራት ጠፋ። አቅራቢያችን 184 ሜጋ ዋት ያለው ግልገል ግቤ አንድ አለ፣ በፈረንጅ 2004 ስራ የጀመረ፣ ኃይሉ በትልቅ ሽቦ ወደ ሩቅ ሲሄድ እናየዋለን፣ መልካም መንገድ ብለን እንሸኘዋለን። ግን ጉድ ስሙ፤ ኤር ሲወጣ ፓምፑን ማጥፋትና ማብራት ራሱ አንዱ ዘዴ ነው፣ ሲጠፋ አረፋው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሲበራ ይገፋል። መብራት መጣ፣ ቡልቅ። ሄደ። መጣ፣ ቡልቅ። መብራት የሚያጠፉልን ሰዎች ሳያውቁት ከሰፈሬ ልጆች የበለጠ አገዙኝ።

ሳቅና ጨዋታው እዚህ ጋ ይብቃና፣ እኔን ከልቤ የሚያናድደኝ የሰው ዕቃ ሲበላሽ ነው። እኛ ግቢ አንድ ኤሌክትሪሻን መጥቶ መስመር ሲቀጥል እትዬ "ልጄ ፍሪጄን አያቃጥልብኝም?" ብለው ጠየቁት። "ምንም አይልም እማማ፣ ይተኙ።" ተኙ። ፍሪጁም ተኛ፣ ከነስጋው። ሲጠሩት ምን ቢል ጥሩ ነው? "እድል ነው።" እስኪ አሁን፣ የእድል ነገር ሲሰራ አብሮህ አልነበረም፣ ገንዘቡን ስትቀበል እድል አላልክም፣ ሲቃጠል ብቻ ነው እንዴ እድል የሚባል አካል ከየትም ብቅ የሚለው? ሴትዮዋ ባለ ጡረታ ናቸው። የሰው ዕቃ ላይ ደፋር የሆነ ሁሉ ዕቃው ሲሞት ለቅሶ ይደርሳል፣ ንፍሮ ይበላል፣ ካሳ የሚባል ነገር ግን አያውቅም። ባጃጁም እንደዛው ነው፣ ከኋላ አራት ሰው ጠቅጥቆ አምስተኛውን አጠገቡ በግማሽ ቂጥ አስቀምጦ፣ በዝናብ፣ በቁልቁለት፣ "ጠጋ በሉ ምንም አይልም"። እኔ ነኛ ግማሽ ቂጥ ላይ ያለሁት!

ምን እያልኩ ነበር... አዎ፣ ኤር። ትልቁ ወጥቷል፣ ፓምፑ ጉርጉር ማለቱን ትቷል፣ ሶፍቶቹ ደረቅ ናቸው። ጥቃቅኗ አረፋ ግን ታንከሩ ውስጥ ትዞራለች፣ እሷ በራሷ ጊዜ ነው የምትወጣው፣ ቀናትም ትወስዳለች፣ ውሃውም ትንሽ ትንሽ ይጎድላል፣ ይጨመርበታል። ማዘርቦርዱን አልሰካሁትም፣ ነገ ጠዋት ሶፍቶቹን በባትሪ አብርቼ ሳላይ አልሰካውም።

ስለዚህ የሰርግ ቪዲዮ የምትጠብቁ፣ በተለይ ከመንደራ በቀን ሶስቴ የምትደውለው ወንድሜ፣ አልደረሰም። ያ ቡና ጠጪ ጓደኛዬ ዛሬ ደግሞ አንተን አግኝቶህ "ኮምፒውተሩ አልቋል፣ ዝም ብሎ ፈርቶ ነው" እንዳለህ ሰምቻለሁ። የሱ ላፕቶፕ አለ፣ ሀይለኛ ላፕቶፕ ነው፣ ፋይሉን ልስጥህና እሱ ላይ አሰራው፣ እስኪ ምን እንደሚልህ።