የጠራ ውሃ ሁሉ ለዓሣ አይሆንም

«በባሕር ዓሣ ገንዳ ውስጥ ጨው በጥብጠህ ውሃው ከጠራ በማግስቱ ዓሣ ማስገባት ትችላለህ» ላልከው፦ ወንድሜ፣ ብዙ ሰው ያምነዋል እንጂ ልክ አይደለም። አሞኒያ (ከዓሣ ቆሻሻና ከሚበሰብስ ምግብ የሚወጣ መርዝ) ቀለም የለውም፤ ዓሣ የሚገድል ውሃ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ሊታይ ይችላል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት (እሱም መርዝ ነው)፣ ያንን ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ድንጋዩና አሸዋው ላይ እስኪበዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ገንዳውን ባዶውን አስቀምጦ መጠበቅም አይሠራም (ይሄኛው ነው ይበልጥ የሚያታልለው)፤ ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት አሞኒያ ከሌለ አይበዙም። ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል አድርግና እየበሰበሰ ሲሄድ በመመርመሪያ ኪት እየለካህ ተከታተል። አሞኒያው ከፍ ብሎ ይወርዳል፣ ናይትራይቱ ይከተለዋል፤ ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ሲቀር ያኔ አንድ ጠንካራ ዓሣ አስገባ። የተነነውን ውሃ ደግሞ በጨዋማ አትተካ፤ ጨው ስለማይተን በንጹሕ ውሃ ነው የሚሞላው።