ከዜሮ መቶ በስንት ሰከንድ?

የአክስቴ ልጅ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ዘንድሮ አዲስ አበባ ስገባ ኤርፖርት የተቀበለኝ በእሷው ነው። ሻንጣዬን በቅጡ ሳናስቀምጥ «ቆይ ላሳይህ» አለኝ። ቦሌ መንገድ ላይ መብራቱ እንደለቀቀን ረገጣት። ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። አክስቴ ከኋላ «ኧረ በማርያም!» ብላ ጮኸች። እሱ ፊቱ በርቶ «ከዜሮ መቶ በስንት ሰከንድ እንደምትገባ ታውቃለህ?» አለኝ።

አውቃለሁ፤ ከቆመችበት ተነስታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እስክትደርስ የሚፈጀው ጊዜ ማለቱ ነው። የምኖረው ጀርመን ነው፤ ባለ ሁለት ሞተር የኤሌክትሪክ መኪና መንዳት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ስለዚህ ደስታው አልገባህም የሚለኝ ካለ ተሳስቷል። የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን እስኪያወጣ ትጠብቀዋለህ። ትረግጣለህ፣ ያጓራል፣ ማርሽ ይቀየራል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚሄደው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከቆመበት ጀምሮ ያለ የሌለ ጉልበቱን ይሰጥሃል። ማርሽ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ፣ ጩኸት የለ። የጭነት መኪና ልትቀድም አስበህ ሳትጨርስ ቀድመኸዋል። ይህን የለመደ ሰው ወደ ድሮው መመለስ ይከብደዋል። እኔም ከብዶኛል።

ግን ያ ሁሉ ጉልበት ዋጋ ያስከፍላል። አውቶባን ላይ ብዙ ቦታ የፍጥነት ገደብ የለም፤ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር የሚባለው ምክር ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። መኪናዋን በገዛሁ ሰሞን፣ በክረምቱ ብርድ፣ ከሙኒክ ወደ ፍራንክፈርት ስሄድ 180 ላይ ያዝኳት። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ስነሳ ስክሪኑ «ትደርሳለህ» ብሎኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ቆሜ ቻርጅ አደረግኩ። ምክንያቱ ነፋሱ ነው። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ነፋሱ የሚገፋህ አራት እጥፍ ነው። ከ100 ወደ 180 ስትወጣ ብቻ ከሦስት እጥፍ ያልፋል። ብርዱ ደግሞ ባትሪውን ያደክመዋል፤ የመኪናው ማሞቂያም የሚጠጣው ከዚያው ባትሪ ነው። ቻርጅ ማድረጊያው ጋ ቆሜ ሳለሁ፣ ቅድም የቀደምኳቸው 120 ላይ ተረጋግተው የሚነዱት ሁሉ አልፈውኝ ሄዱ።

ክብደትም አለ። ፈጣን የሚባሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች በባትሪው ምክንያት አብዛኞቹ ከ2 ቶን በላይ ናቸው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን ውሰዱ። ከ600 የፈረስ ጉልበት በላይ አለው፤ ወደ 2.2 ቶን ይመዝናል። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ይህ ክብደት አይታወቅህም። ኩርባ ላይ ስትደርስና ፍሬን ስትይዝ ነው የሚታወቅህ። ደጋግመህ ስትረግጥ ባትሪው ይሞቃል፤ ሲሞቅ ኮምፒውተሩ ራሱ ጉልበቱን ይቀንስብሃል። ደግሞ የሚገርመኝ፣ ይኸው መኪና ነጂው የሞተር ድምፅና የማርሽ ስሜት ናፍቆታል ተብሎ ሁለቱም በኮምፒውተር ተሠርተውለታል።

አዲስ አበባ ላይ ግን በደንብ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። አምስት ሆነን እንጦጦ ወጣን። በልጅነታችን በአጎቴ መኪና ስንወጣ ማርሹ ሁለት ላይ ተቀርቅሮ፣ ሞተሩ እየነደደ፣ እኛ ከኋላ «በርቺ፣ በርቺ» እያልን ነበር። ከተማው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፤ የቤንዚን ሞተር ደግሞ አየር ሲያንሰው ጉልበት ያንሰዋል። ተርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው መኪና እዚህ ከፋብሪካ ይዞት ከወጣው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። እንጦጦን እንደ ሜዳ ነው የወጣችው። ስንወርድ ደግሞ ፍሬን ሳይነካ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን በመጠኑ መልሶ ሞላ። ልቤ ሞላ፤ እውነቴን ነው። ነዳጅ ወረፋ ላይ ቀኑን ሙሉ የዋለ ሰው አገሩ ከውኃ በሚያመነጨው መብራት እንጦጦ ሲወጣ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ለአባይ በረሃ ወራጆች አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ጎሐ ጽዮን ላይ ባትሪውን ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ አትውረዱ። የሞላ ባትሪ ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ኃይል መቀበያ ቦታ የለውም፤ ሞተሩ መያዙን ይተዋል፣ ያ ሁሉ ክብደት በፍሬናችሁ ላይ ይወድቃል።

አሁን ወዳናደደኝ ነገር ልምጣ። በሦስተኛው ቀን ማምሻውን ሃያ ሁለት የሚባለው ሰፈር አካባቢ ነበርን። ከፊታችን ያለው ታክሲ ዞር ሲልለት የአክስቴ ልጅ ረገጠ። ዜብራው ላይ አንዲት እናት ልጇን በእጇ ይዛ መሻገር ጀምራ ነበር። ፍሬኑ ያዘ። በእርምጃ ያህል ነው የተረፈችው። ሴትዮዋ አልተሳደበችም። ቆማ አየችን፤ ከየት እንደመጣን ነበር የጨነቃት። ያ አስተያየቷ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ከየት እንደመጣን ያልገባት ወዳ አይደለም። እኛ አገር መንገድ የምንሻገረው በዓይን ብቻ ሳይሆን በጆሮም ነው። ሚኒባሱ ከሩቅ ያጓራል፣ ረዳቱ ይጮኻል፣ አይሱዙው ገና ሳይታይ ይሰማል። በዚያ ላይ እግረኛው የቆመ መኪና በስንት ጊዜ እሱ ጋ እንደሚደርስ ከልጅነቱ ለምዶታል። ያ ልማድ የተሠራው በድሮው መኪና ነው። ከዜሮ መቶ ለመግባት 12 ሰከንድ የሚፈልግ መኪና በመጀመሪያዎቹ 2 ሰከንድ ወደ 5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ፍጥነቱም 20 አይሞላም። በ4 ሰከንድ የሚገባው ግን በዚያው 2 ሰከንድ 14 ሜትር ሄዶ 50 ላይ ደርሷል። ያለ ድምፅ። ያቺ እናት በቆጠረችው ጊዜ መሻገር ነበረባት፤ ጊዜውን ግን እኛ ወሰድንባት።

አውሮፓ ውስጥ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ ቀስ ብሎ ሲሄድ፣ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ፣ ሰው የሚሰማው ድምፅ እንዲያወጣ በሕግ ተገድዷል። እኔ በምኖርበት ሰፈር ደግሞ የሚፈቀደው 30 ብቻ ነው፤ ዜብራ ላይ ሰው እግሩን ካነሳ ሁሉም ይቆማል። ጀርመኖች ከእኛ የተሻሉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። ቅጣቱ ያማቸዋል። አውቶባኑ ላይ ሲለቃቸው እነሱም እንዴት እንደሚረግጡ አይቻለሁ።

እኔን የሚያበግነኝ ጥያቄው ነው። ዘመድ ጥየቃ በሄድኩበት ቤት ሁሉ ወሬው ሰከንድ ነው። «የእሱ በአምስት ትገባለች፣ የእከሌ በሦስት ተኩል።» ጎማው ስንት ይቆያል፣ ፍሬኗ እንዴት ነው የሚል አንድ ሰው አልሰማሁም። ጀርመናዊው ጎረቤቴ መኪናዬን ሲያይ መጀመሪያ የጠየቀኝ «100 ኪሎ ሜትር ስንት ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች?» ብሎ ነው። ስንት መብራት ትፈጃለች ማለቱ ነው። ደረቅ ጥያቄ ነው፤ ግን በየቀኑ የምትኖረው ከዚያ ቁጥር ጋር ነው። ከዜሮ መቶን በሳምንት ስንት ጊዜ ትፈልገዋለህ? አዲስ አበባ መሃል መቶ የሚገባበት ቦታስ የት አለ?

ነገሩ ከባድ የሆነው አሁን ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ አዲስ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያ መኪናው አድርጎ የሚገዛውም እሱን ነው። ድሮ እንዲህ ያለ ጉልበት የሚገኘው እጅግ ውድ በሆነ መኪና ላይ ነበር። ዛሬ የቤተሰብ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። የአክስቴ ልጅ መንጃ ፈቃድ ያወጣው በአሮጌ ኮሮላ ነው። ያቺ ኮሮላ የማታደርገውን ይህቺ በአንድ እርግጫ ታደርገዋለች፤ ይህን ደግሞ ማንም አላስተማረውም።

ያን ማታ እሱም ደንግጦ ነበር። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ቀስ እንድትል ማድረግ አይቻልም?» አለኝ። ይቻላል። አብዛኞቹ መኪኖች የጉልበት ምርጫ አላቸው፤ አነሳሷን ለስለስ የሚያደርግ ኢኮ የሚባል አለ። ችግሩ መኪናዋ ለቻይና ገበያ የተሠራች ነች፤ ስክሪኑ ሁሉ ቻይንኛ ነው። ስምንት ወር ሲነዳት የትኛው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው። ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለን በስልክ ካሜራ አንድ በአንድ እየተረጎምን ፈለግን። ለካ ከገዛት ጀምሮ ስፖርት በሚባለው፣ ጉልበቷን ሁሉ በሚያወጣው ምርጫ ላይ ነበረች። ኢኮ ላይ አደረግናት። በማግስቱ አክስቴ ከፊት ተቀመጠች። ቡናዋን ጠጥታ እንደወጣች ሰው ተረጋግታ ደረሰች።

ትናንት ደወለልኝ። ጎማዎቹ አልቀዋል። ገና 20 ሺህ ኪሎ ሜትር አልሞሉም። ክብደቱና አረጋገጡ አንድ ላይ በልተዋቸዋል። ጎሚስታው ይህ መጠን በቀላሉ አይገኝም ብሎታል፤ አንዱ ቸርኬም ጉድጓድ መትቶት ጠምሟል። «ከዚያ ላክልኝ» አለኝ። እልካለሁ አልኩት። መጀመሪያ ግን የስክሪኑን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ኢኮ ላይ መሆኗን ልይ አልኩት።

እስካሁን አላከም።