ሌሊት 9 ሰዓት፣ አፍንጮ በር

ክፍል የምገባው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። አሜሪካ ያሉት የክፍሌ ልጆች ጋ ገና ምሽት 1 ሰዓት ነው። ሰዎቹ ከሥራ ገብተው፣ እራታቸውን በሳህን ይዘው ካሜራ ፊት ይቀመጣሉ። እኔ ጋቢ ተከናንቤ፣ ላፕቶፑን የእናቴ ቡፌ ላይ አስደግፌ እጠብቃለሁ። የሰፈር ውሻ ይጮኻል። በማርያም ዕለት ማኅሌቱ በድምፅ ማጉያ እስከ ሳሎናችን ይገባል። አንድ ቀን ቴክሳስ ያለች የክፍሌ ልጅ «ያንን ሙዚቃ ትንሽ ቀንሺው» ብላ ጻፈችልኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ማይኬን ዘጋሁ።

የምማረው ሶሻል ወርክ ነው። ማስተርስ፣ በኦንላይን። ሜሪላንድ ስኖር 17 ዓመቴ ነው፤ ቀን ቀን አረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ እማራለሁ። እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር ለአራት ወር ብዬ አዲስ አበባ መጣሁ። ትምህርቱን ላቋርጥ ስል አማካሪዬ «እዚያ ኢንተርኔት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አለ አልኳት። አለ ማለት እንግዲህ መብራት ሲሄድ የስልኬን ዳታ ከፍቼ፣ ስልኩም ባትሪ ሲጨርስ በማግስቱ ይቅርታ ጽፌ ማለት ነው። መጋቢት ግድም አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደፊት ሲገፉት ደግሞ ክፍሌ ሌሊት 8 ሰዓት ሆነ። ይህን ለእናቴ ማስረዳት አልቻልኩም። «ሰዓት እንዴት ይገፋል? ፀሐይዋስ እሺ አለች?» አለችኝ።

የትምህርቱ ነገርም አልተዋጠላትም።

«ሰው መርዳት ነው የምትማሪው?»

«አዎ እማዬ።»

«በስንት ብር?»

ዶላሩን በዛሬው ምንዛሪ መትቼ ነገርኳት። አማተበች። «ይሄን ብር ብታከፋፍይው ስንቱ ይረዳ ነበር!»

አንድ ሌሊት የቃለ መጠይቅ ልምምድ ነበረን። አንዷ ተማሪ ልጇ የሞተባት እናት ሆና ትተውናለች፣ እኔ ባለሙያዋ ነኝ፣ አስተማሪዋ ካሜራዋን አጥፍታ ነጥብ ትይዛለች። ሕጉ ብዙ ነው። ዝምታን አትፍሪ። «ስሜትሽ ይገባኛል» አትበይ። ምክር አትስጪ። ስለ ራስሽ አታውሪ። ልጅቷ ትወናውን ተክናበታለች፣ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። እኔም ሕጌን ይዤ ዝም ብያለሁ። ያኔ ነው ከኋላዬ የእናቴ ምርኩዝ ኳ ኳ ሲል የሰማሁት።

«ማን ሞቶባት ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«ማንም አልሞተም። ልምምድ ነው፣ ግቢ ተኚ።»

«ለልምምድ ነው እንዲህ የምትንሰቀሰቀው?»

እንግሊዝኛ አትሰማም። ለቅሶ ግን ትሰማለች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ፊቷን ካሜራው ውስጥ አስገባች። «እግዚአብሔር ያጥናሽ ልጄ። በይ እህል ቅመሺ፣ በባዶ ሆድ አይለቀስም።» ልጅቷ ለቅሶዋን አቆመች። ምን አሉ አለችኝ። ተረጎምኩላት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። የትኛው ትወና እንደነበረ እስካሁን አላወቅኩም።

ከአምስት ቀን በኋላ ውጤት መጣ። «ምስጢር የሚጠበቅበት ቦታ አላዘጋጀሽም» ተብሎ አምስት ነጥብ ተቀንሷል። ከሥሩ ደግሞ አንዲት መስመር ነበረች፦ «እናትሽ ወደ ምክር ቸኩለዋል።»

የዳያስፖራ ጽሑፍ የለመደ አንባቢ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል። ፈረንጅ ርኅራኄን ከፍሎ ይማራል፣ እኛ ግን ከእናት ጡት ነው የምንጠባው፣ ወዘተ። እኔም ቡና ላይ እንደዚያ እያልኩ አውርቼዋለሁ፣ ሰውም ስቋል። ግን አስተማሪዋ እኮ እውነቷን ነው። እኛ እንቸኩላለን። አባቴ ሲሞት 12 ዓመቴ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑ ጢም ብሎ ነበር፤ ንፍሮውም ሰዉም አልጎደለም። ማልቀስ ስጀምር ግን አንዷ ትነሳና «አይዞሽ፣ አንቺ ትልቅ ልጅ ነሽ፣ እናትሽን አታስለቅሺያት» ትለኛለች። ዋጥኩት። ያንን የዋጥኩትን ያወጣሁት ሠላሳ ምናምን ዓመት ሲሆነኝ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ለአንዲት የፔሩ ተወላጅ፣ በሰዓት እየከፈልኩ ነው።

ደግሞ የሆስፒታሉን ነገር ልንገራችሁ። እኔ በምሠራበት መጦሪያ አዲስ ሰው ሲገባ ፎርም እንሞላለን። «ድንገተኛ ነገር ቢፈጠር ለማን እንደውል?» የሚል መስመር አለ። ባዶ የሚተዉት ጥቂት አይደሉም። አንዱ ሽማግሌ ቆይ ብለው ብዙ አሰቡና የጥርስ ሐኪማቸውን ስም አስጻፉ። እናቴ በተኛችበት ክፍል ደግሞ አንድ ቀን ከሰዓት 14 ጠያቂ ቆጥሬአለሁ። ሁሉም ብርቱካን ይዞ መጥቷል። ዘበኛው ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ ቢል ማን ሰምቶት። እሷ ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ ለእያንዳንዱ እንዴት እንደወደቀች ከመጀመሪያው ትተርካለች። በመጨረሻ እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ተኝታለች» እያልኩ ሰው መመለስ ጀመርኩ። አሜሪካ ለምዳ ጠባይዋ ተበላሸ መባሌን ሰምቻለሁ።

ከጠያቂዎቹ አንዱ የእድራችን ዳኛ ነበሩ። ቤት ከገባን በኋላም መጡ። ስለ ትምህርቴ ሲጠይቁኝ ፊልድ የሚባለውን ነገር አነሳሁላቸው። ማስተርሱን ለመጨረስ ቢያንስ 900 ሰዓት ተቋም ውስጥ ገብቶ መሥራት ግድ ነው። በአካልም ተማር በኦንላይን፣ ዕውቅና ሰጪው የአሜሪካ የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት ከዚህ ዝቅ አይልም። የሚከታተልህም ሰው በዚሁ ሙያ ማስተርስ ኖሮት፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት የሠራ መሆን አለበት። እኔ ስመለስ ነው የምጀምረው።

«900 ሰዓት ምን እየሠራሽ?»

«ከተቸገረ ሰው ጋር እየተነጋገርኩ፣ ከሚረዳው ቦታ እያገናኘሁ፣ እየጻፍኩ።»

«እኔ ላሠራሽ አልችልም?»

«አይችሉም ጋሼ። ወረቀት የለዎትም።»

ጣሪያው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «ለቅሶ ቤት የተቀመጥኩበትን ሰዓት ቢቆጥሩልኝ ጡረታዬን በዶላር እቀበል ነበር!»

እኔ ግን ወረቀት የምትለዋ ቃል አብራኝ ዋለች። እዚያ ሥራ ስጀምር በመጀመሪያው ቀን የተነገረኝ «ካልተጻፈ አልተደረገም» የሚል ነው። ለአንድ ሽማግሌ ሻይ ባመጣለት እጽፋለሁ። ባይጠጣውም እጽፋለሁ። እኛ አገር ግን መረዳዳት እንጂ መጻፍ የለም ብዬ ነበር የማስበው፤ እናቴ የእድር ደብተሯን ከፍራሿ ሥር አውጥታ እስክታሳየኝ ድረስ። ወር በወር ተፈርሞበታል። መተዳደሪያ ደንብ አለው። ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ ይቀጣል። ሳህንና ብርጭቆ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይመለሳል። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ንብረት ጠባቂ አለ። ይሄማ ለይቶለት መሥሪያ ቤት ነው።

የሚጻፈው ነገር ነው የሚለየው። እድሩ የተከፈለውንና የጎደለውን ይጽፋል። እኛ እዚያ የምንጽፈው ሰውዬው ተኝቶ እንዳደረ፣ ምግብ እንደበላ፣ ራሱን ለመጉዳት አስቦ እንደሆነ ነው። እድሩ ደብተር ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም። ሰው ሲሞት ይደርሳል። ሰው መሞት ሲያምረው ግን ጡሩምባ አይነፋም።

ይህን የነገረችኝ አንዲት ጎረቤታችን ናት። (የምትለይበትን ነገር ሁሉ ቀያይሬዋለሁ፤ ቢያንስ ይህን ተምሬአለሁ።) ሕፃን ሳለሁ አዝላኛለች። አንድ ቀን እናቴ ሸለብ ሲያደርጋት ጠብቃ ገባችና በሩን ገርበብ አደረገችው። «ያ የምትማሪው ነገር ምስጢር ይጠብቃል አይደል?» አለችኝ። ልጇ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጓዳ አልወጣም። ብቻውን ያወራል። ጠበል ወስዳዋለች። ግቢያችን ቧንቧው አንድ ነው፣ ማን ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደገዛ ሁሉም ያውቃል። እሷ ይህንን ደብቃ ኖራለች። ሐኪም ቤትስ አልኳት። «አማኑኤል ብወስደው ነገ ስሙ ይቀራል፤ የአማኑኤሉ ልጅ ነው የሚሉት» አለች። እውነቷን ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሰዳደብ «አማኑኤል ግባ» ይባባላል። ሆስፒታሉ የሚያክመውን ያህል ስሙ ያስፈራል።

የአሜሪካኖቹ ሶሻል ወርከሮች የሥነ ምግባር ደንብ ከምታውቀው ሰው ጋር የባለሙያና የተገልጋይ ግንኙነት አትደርብ ይላል። በዚህ ርዕስ ላይ ወረቀት ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። ደግሞም ገና ፈቃድ የለኝም። ይህንን ሁሉ ላስረዳት አስቤ ነበር። ያዘለችኝን ሴት ግንኙነታችን ይደረባል ልበላት? በማግስቱ ራይድ ጠርተን ሦስት ሆነን ሄድን። እኔ ምንም አልሠራሁም፤ ወረፋ ጠበቅኩ፣ ካርድ አወጣሁ፣ ከልጁ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስንመለስ እናቴ «የት ነበራችሁ?» አለች። ገበያ አልኳት። ባዶ እጃችንን አየችና ዝም አለች። እስከ ዛሬም አልጠየቀችኝ። ምስጢር መጠበቅ የማታውቅ መስላኝ ነበር።

ሙያው ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከአብዮቱ በኋላ ተዘጋ፤ ከቤታችን ሽቅብ ስድስት ኪሎ ያለው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ ደረጃ መልሶ ከፈተው። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ከህንዱ ኢንዲራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ፣ በቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ በኩል፣ በርቀት ነው የተማረው። እኔ ዙም ላይ ስሰቃይ «እኛ ሞጁል ተሸክመን በሻማ ነበር» እያለ ይቀልድብኛል።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ዙሪያ ሲፈርስ ከእድራችን ብዙ ሰው ተነሳ። ዶሮ ማነቂያ የነበሩት በየአቅጣጫው ሄዱ፣ ገሚሶቹ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። አንዷን ሄጄ ጠይቄአታለሁ። የራሷ ሽንት ቤት አላት፣ ውሃ ከቤቷ ይፈስሳል፣ ደስ ብሏታል። «ቁልፌን የማስቀምጥበት ጎረቤት ነው ያጣሁት» አለችኝ። ከእድሩ ግን አልወጣችም፤ ለወር መዋጮ ሁለት ታክሲ ይዛ ትመጣለች። ጡሩምባው እሷ ጋ አይደርስም። ስለዚህ እድሩ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈተ። አድሚኑ የጡሩምባ ነፊው ልጅ ነው። እናቴ ስልክ ላይ ማንበብ ስለማትችል በእሷ ፈንታ እኔ ገባሁበት።

ባለፈው ሳምንት ክፍል መሃል ስልኬ ነዘረ። የድሮ ጎረቤታችን ዐርፈዋል፣ ኮንዶሚኒየም ከገቡት አንዱ። ሬሳው ወደ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ስለሚመጣ አባላት ከንጋቱ 12 ሰዓት እንዲገኙ ይላል። እናቴን ቀሰቀስኳት። ለአስተማሪዋ ልውጣ ብዬ ጻፍኩላት። ጥሩ ሰው ናት፣ ወዲያው ነው የመለሰችው፦ አዝናለሁ፣ ሂጂ፣ ይህችን ብቻ ሙይልኝ። የሐዘን ፈቃድ ፎርም ነው። «ከሟች ጋር ያለሽ ዝምድና» ይላል። ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት፣ አያት፣ ሌላ። ሌላ የሚለውን ነካሁት። «ይግለጹ» የሚል ጠባብ ሳጥን ተከፈተ፤ ከ50 ፊደል አይበልጥም።

እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ምርኩዟን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ገና አልጨረስሽም?»