ከጎናችሁ ነን፣ ከጎንደር

ዛሬ አንድ ወዳጄን ላመሰግን ነው። ጎንደር ፒያሳ አብረን ማኪያቶ የምንጠጣ ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይጠቀምበትም፤ ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

ወዳጄ ሐዘንተኛ ነው። ግን እንደ እኔና እንደ እናንተ፣ ሰው የሞተበት ቀን ብቻ የሚያዝን ተራ ሐዘንተኛ አይደለም። ባሕር ማዶ ቦምብ ፈንድቶ ጢሱ ገና ሳይበተን፣ እሱ ሦስት ሻማ ደርድሮ «ከጎናችሁ ነን» ብሎ ጽፏል። አምቡላንስ እንኳ የሚደርሰው ከእሱ በኋላ ነው። የሰፈራችን ጥሩምባ ነፊ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ውሻ እየጮኸበት ነው መርዶ የሚያሰማው። ወዳጄ ጥሩምባውን ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ ቻርጅ ካለው።

«ከጎን» የሚለውን ቃል ያሰፋልን እሱ ነው። ድሮ ከጎን መሆን ማለት ለቅሶ ቤት አግዳሚ ላይ ክርን ለክርን ተጠጋግቶ መቀመጥ ነበር። የጎረቤትህ ጋቢ ካልነካህ ከጎኑ አይደለህም። አሁን ከፒያሳ ጎንደር እስከ ፓሪስ ጎን ሆነ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚሉት ኢንተርኔት ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው።

አሁን የስሙን ነገር ልንገራችሁ። ታኅሣሥ 29 ቀን 2007 ዓ.ም. የገና ዕለት ነበር። እናቱ ቤት ዶሮ ቀርቦልናል። በዚያው ቀን ፓሪስ ውስጥ ታጣቂዎች ሻርሊ ኤብዶ የሚባል የስላቅ መጽሔት ቢሮ ገብተው በጥቃታቸው 12 ሰው ገደሉ። ወዳጄ ወሬው እንደደረሰው ቀኝ እጁ ወጥ እንደነካ፣ በግራ አውራ ጣቱ «እኔ ሻርሊ ነኝ» ብሎ ለጠፈ። መጽሔቱን አይቶት አያውቅም። ፈረንሳይኛው ከ«ሜርሲ» አያልፍም። ማታ የነፍስ አባቱ ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ስምህን ቀየርክ የሚሉት ምንድነው?»

«አይ አባ፣ አጋርነት ነው።»

እናትየው ከጓዳ ሰምተው ወጡ። «እኔ ወልደ ሚካኤል ብዬ ነው ክርስትና ያስነሳሁህ። ይሄ ሻርሊ የምትለው በየትኛው ወር ነው የሚነግሠው?»

ከአራት ቀን በኋላ ከ40 በላይ የሀገር መሪዎች ፓሪስ ላይ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ተሰለፉ። በቴሌቪዥን ሲታይ የሕዝቡ ባሕር ከኋላቸው ይመስላል። ከላይ የተነሳው ፎቶ ሲወጣ ግን መሪዎቹ የቆሙት ከሰልፈኛው ተነጥለው፣ ለብቻቸው በታጠረ መንገድ ላይ ነበር። ፎቶውን ለወዳጄ ሳሳየው ይናደዳል ብዬ ነበር። ጭራሽ ኮራ። «አየህ፣ ትልልቆቹም እንደኔ ናቸው» አለኝ።

እውነቱን ነው።

በሟቾቹ አልቀልድም፤ እሱ ይታወቅልኝ። ነፍስ ይማር። እኔ የምቀልደው በአልቃሹ ነው፣ እኔን ጨምሮ። የዚያን ሰሞን እኔም ሻማ ለጥፌያለሁ።

ሦስት ወር አልሞላም፤ መጋቢት 24 ቀን አልሸባብ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ 148 ሰው ገደለ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ ማደሪያቸው ውስጥ በእንቅልፍ ላይ። ወዳጄ ያን ዕለት ምን እንደለጠፈ ወደ ኋላ ሄጄ አየሁ። የቅዳሜውን የአርሴናልና የሊቨርፑል ጨዋታ ግምት። ጠየቅሁት። ተቆጣ እንዳትሉኝ፤ በትዕግሥት ነው ያስረዳኝ።

«የኬንያ ባንዲራ መሐሉ ላይ ጋሻና ጦር አለው። በፌስቡክ ፎቶ ፊት ላይ ሲያርፍ አያምርም።»

«የሶማሊያስ?»

«ኮከቡ አፍንጫ ላይ ይመጣል።»

«የፈረንሳይስ?»

«ቀጥ ብሎ የወረደ ሦስት መስመር ነው። ያቀጥናል።»

ልብስ ሰፊ እንኳ እንዲህ አያውቅም።

አንድ ጊዜ ግን በእውነት አልቅሷል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ አይሲስ ሊቢያ ውስጥ የኛን ልጆች ገድሎ ቪዲዮውን ሲለቅ፣ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታውጆ ነበር። ወዳጄ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ምንም አልለጠፈም። ስለዚያ ቀን አላመሰግነውም። ያን ቀን እንደማንኛውም ሰው ነበር።

ወደ ችሎታው ልመለስ። ኅዳር 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ምሽት ፓሪስ እንደገና ተመታች፤ 130 ሰው አለቀ። ፌስቡክም አሳቢ ነው፣ የፈረንሳይን ባንዲራ በአንድ ንክኪ ፊት ላይ የሚያለብስ ነገር አዘጋጅቶ ጠበቀን። ወዳጄ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰፈሩ ገና ቁርስ ሳይበላ፣ ሰማያዊ ነጭ ቀይ ሆኖ ዋለ። ፓሪስ ከመመታቷ በፊት በነበረው ቀን፣ ሐሙስ፣ ቤሩት ውስጥ አጥፍቶ ጠፊዎች ከ40 በላይ ሰው ገድለው ነበር። ለቤሩት ፌስቡክ ምንም አላዘጋጀም። ያልተዘጋጀ ሐዘን ደግሞ ወዳጄ አይወድም።

እዚህ ላይ አንዲት ነገር ልጨምር። የአክስቱ ልጅ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። አልደወለላትም። እሷ ደወለች፣ እሑድ ዕለት፣ በስንት ልመና ከማዳሟ ፈቃድ አግኝታ።

«ፎቶህን አየሁት። ደንግጬ ነው የደወልኩ። ፓሪስ ሰው አለህ እንዴ?»

ብራስልስ መጋቢት ላይ ስትመታ ደግሞ ወዳጄ በችኮላ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ባንዲራ ሰቀለ። ቀለሞቹ ትክክል ናቸው። ግን አግድም ናቸው፤ የቤልጅየም ቁልቁል ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ከጀርመን ጎን ቆሞ ሰነበተ። ጀርመን ምን እንደሆነች የጠየቀው ሰው የለም፤ 86 ሰው ላይክ አድርጎታል።

ጥቅምት 4 ቀን 2010 ዓ.ም. ሞቃዲሾ ውስጥ በጭነት መኪና የተጠመደ ቦምብ ፈንድቶ ከ500 በላይ ሰው ጨረሰ። ሞቃዲሾ ከጎንደር ስንት እንደሆነ ካርታ ላይ እዩት። ፓሪስ እንኳ የኤፍል ማማዋን መብራት አጥፍታ ሐዘኗን ገለጸች። ያን ሰሞን ጎንደርም ጨልማ ነበር፤ ግን መብራት ስለሄደ ነው። ወዳጄ ይህን ስነግረው ደስ አለው። «በቃ፣ እኛም ተሳትፈናል» አለ።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ለብዙ ወራት በዓለም ላይ አንድም ሰው አልሞተም። እኛ ሰፈር ይሞት ነበር። እሱን የሚነግረን ግን ጥሩምባው ነው፣ ለጥሩምባ ደግሞ ሻማ አይለጠፍም።

ጥሩምባ ስል ትዝ አለኝ። ያኔ፣ ፓሪስ ለሁለተኛ ጊዜ ስትመታ፣ ያለፍኳት ነገር አለች። በዚያው ሳምንት ከወዳጄ ቤት ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ የአንዲት ጎረቤታችን ባል ሞቱ። ጥሩምባው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነፋ። ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን ተከልን፤ አግዳሚ አመላለስን። ሴቶቹ እዝን ተሸክመው መጡ። ከቀብር መልስ ጸሐፊው መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ስም መጥራት ጀመረ። የወዳጄ ስም ተጠራ። ዝም። ደግሞ ተጠራ።

ቅጣቱ 20 ብር ነው። ከ20 ብሩ ይልቅ ዝምታው ያሳፍራል። ላድነው ብዬ አፌ አመለጠኝ።

«ሐዘን ላይ ነው» አልኩ።

ጸሐፊው መነጽሩን ከፍ አደረገ። «ማን ሞቶበት?»

«ፓሪስ ነው።»

«ስንት ሰው?»

«130።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንድ ሽማግሌ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ኧረ የመድኃኔ ዓለም ያለህ! 130 ሰው ሞቶበት ዝም ብለን ተቀምጠናል?» ጸሐፊው ከስሙ ፊት «ሐዘን ላይ» ብሎ ጻፈለት። ከቅጣት ነጻ ሆነ። በእድራችን ታሪክ በባዕድ ሀገር ሞት ቅጣት የተማረለት እሱ ብቻ ነው።

ነገሩ እዚያ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ሰባቱ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ማታ እሱ ቤት ቁጭ ብለን ኳስ እያየን በር ተንኳኳ። ባል የሞተባቸው ጎረቤታችን ናቸው። ከል ለብሰዋል፤ ፀጉራቸውን ተላጭተዋል። በነጠላ የተሸፈነ ሳህን ይዘዋል። ወዳጄ ቴሌቪዥኑን ለማጥፋት ሪሞቱን ሲፈልግ እግሩ ሥር ወደቀበት።

«ቆይ፣ አትነሳ ልጄ» አሉት። «እኔ በራሴ ሐዘን ተይዤ ሳልደርስልህ ቀረሁ። አትቀየመኝ። ፓሪስ ዘመድ እንዳለህም አላወቅሁ።»

ሳህኑን ገለጡት። የስንዴና የሽንብራ ንፍሮ ነው፣ ገና ይሞቃል። ከዚያ ሶፋው ላይ፣ ከጎኑ ተቀመጡ። ነጠላቸው ክንዱን ነካው።

ለሦስታችንም ዘገኑልን። ትንሽ ዝም አልን። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ብልጭ ብሎ ሦስት ቀለም ያለው ፊቱ በራ፤ ፈጠን ብሎ ገለበጠው።

«ሟቹ ምንህ ነበር፣ ልጄ?» አሉት።

ወዳጄ እኔን አየኝ። እኔ አፌን በንፍሮ ሞላሁ።