ምስክሩ ይጠራ

ሰርተፍኬትን «የምስክር ወረቀት» ብሎ የሰየመው ሰው ሳያስበው ጉድ ሠርቶናል። ማን ይናገር የነበረ ይባላልና፣ ምስክር ከተባለ «ምን አየህ?» ተብሎ ይጠየቃል። አብዛኛው ወረቀት ቢጠየቅ መልሱ «ሲመዘገብ አይቻለሁ፤ ሲከፍልም ነበርኩ» የሚል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየም። ያየው ነገር ባነሰ ቁጥር ማኅተሙ የሚገዝፈውና ጠርዙ ወርቃማ የሚሆነው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ የማይችል ወይም የማይፈልግ ሰው የጥቂት ወራት ሥልጠና ቢመርጥ የሚወቀስበት ነገር የለም። ችግሩ አንድ ስም ሦስት የማይተዋወቁ ወረቀቶችን መሸፈኑ ነው። አንዱ «ተገኝቷል» ይላል፤ ወንበሩም እኮ ተገኝቶ ነበር። ሌላው «አጠናቋል» ይላል። ሦስተኛው ብቻ፣ አሰልጣኙ ያልሆነ ሌላ ሰው ፈትኖት፣ «ይችላል» ይላል። ሦስቱም ግን አንድ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ፤ እንግዳም ሦስቱን እኩል ያደንቃል።

«አጠናቋል» የሚለውን ጠጋ ብለን እንየው። በኦንላይን ኮርስ ትምህርቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ጉዱ ያለው አጠናኑ ላይ ነው። ቪዲዮው በእጥፍ ፍጥነት ይለቀቃል፤ መምህሩ እንደ ጨረታ አጫራች ይንጣጣል፤ ተማሪው ሌላ ገጽ ላይ ነው። የምዕራፉ ማብቂያ ላይ አሥር ጥያቄ ይመጣል፤ ማለፊያው ስምንት ነው እንበል። ስድስት ያገኘ ሰው ይደግማል፤ ቅድም «ለ» ያለውን አሁን «ሐ» ይለዋል፤ ካልሆነ «መ» አለ። የቁልፍ ዘለላ ይዞ በር እንደሚሞክር ሰው ነው፤ አንዱ መግጠሙ አይቀርም። የመጨረሻውን ፕሮጀክት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያርሙት ተማሪዎቹ ራሳቸው፣ እርስ በርሳቸው ናቸው። አስተያየት መጻፍ ግዴታ ስለሆነ «በጣም ጥሩ ሥራ» ይጻፋል፤ ፋይሉ አልከፈት ቢልም።

ማታውኑ የሰርተፍኬቱ ፒዲኤፍ ሊንክድኢን ላይ ይወጣል። ጽሑፉ «በታላቅ ትሕትና» ብሎ ይጀምራል፤ ትሕትናው እዚያው ያልቃል። አርባ ሰው እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል፤ ከአርባው አንድም ቀጣሪ የለም።

ጎግል እ.ኤ.አ. በ2020፣ የራሱን የሙያ ሰርተፍኬቶች ለተዛማጅ ሥራዎች ሲቀጥር ከአራት ዓመት ዲግሪ እኩል እንደሚያያቸው ተናግሮ ነበር። ከዚያ ዓረፍተ ነገር ዓለም የያዘው «ከዲግሪ እኩል» የሚለውን ሁለት ቃል ነው። ጎግል ስለ ገዛ ቤቱ መናገሩን ማን ልብ ይበል? የሌላው መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ «ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ» ይላል፤ የማመልከቻ ቅጹ ላይ ግን «ተመጣጣኝ» የምትባል ሳጥን የለችም።

አሁን የማይዋሸውን ምስክር እንጥራ፤ የበያጁን። የቧንቧ ብየዳ ውስጥ 6ጂ የሚባል ፈተና አለ፤ እዚህ የሚጠየቀው ዲግሪ 45 ብቻ ነው። ቧንቧው በ45 ዲግሪ ዘንብሎ ይታሰራል፤ እሱ አይዞርም፤ የሚዞረው በያጁ ነው። ከሥር አንጋጦ፣ ከጎን ተጣሞ፣ ከላይ አጎንብሶ ዙሪያውን ይጨርሳል። ከዚያ ብየዳው በቁራጭ ተቆርጦ በማጠፊያ እንደ ፈረስ ጫማ ይታጠፋል። በታጠፈው ጀርባ ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ክፍተት ከታየ ሰውየው ወደቀ። ብረት ዘመድ አያውቅም።

እጁ የሰላ ሰውም በኤሌክትሮዱ፣ ማለትም እየቀለጠ በሚበይደው ዘንግ፣ ሊወድቅ ይችላል። 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ እርጥበት አይችልም፤ ማሸጊያው ከተከፈተ በኋላ ቢያንስ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚሞቅ ምድጃ ይቀመጣል። ውጭ ካደረ ልባሱ እርጥበት ይጠጣል፤ ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፤ ሃይድሮጅኑም ውስጥ ገብቶ ላይ ላዩን ያማረውን ብረት ቆይቶ ይሰነጥቀዋል። ይህን አንድም ቪዲዮ በእጥፍ ፍጥነት አያስተምርም። አልፌያለሁ ብሎ ማረፍም የለም፤ በዚያ የብየዳ ዘዴ ስድስት ወር ያልሠራ ሰው ብቃቱ ይቋረጣል። ያ ባለ ወርቅ ጠርዙ ወረቀት ግን የማብቂያ ቀን የለውም፤ ያልኖረ ነገር በምን ይሞታል?

እንግዲህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ምስክሩን መመርመር ነው። ሃያ የሥራ ማስታወቂያ ከፍቶ የዚያ ሰርተፍኬት ስም ስንት ጊዜ እንደተጠራ መቁጠር ጥሩ ነው፤ አንድም ጊዜ ካልተጠራ የሚያውቀው አሰልጣኙ ብቻ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ «ባለፈው ዙር ስንት ሰው ወደቀ?» ማለት። አሰልጣኙ ደረቱን ነፍቶ «አንድም!» ካለ፣ ኮፍያ አንስቶ መውጣት። ስለ ማሽኑም መጠየቅ ያስፈልጋል። 60 ሰዓት ሥልጠና፣ 30 ሰልጣኝ፣ አንድ ማሽን ቢሆን ለአንድ ሰው ሁለት ሰዓት ይደርሰዋል፤ የቀረው 58 ሰዓት የሰው ጀርባ ማየት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን መለያ ቁጥርም የሰጪው ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ መሞከር ነው። «ገጹ አልተገኘም» ካለ ምስክሩ ከችሎት ቀርቷል።

ኮምፒውተር በኩል ጥብቅ ምስክሮች አሉ። የኮምፒውተር ጥገናና ድጋፍ ሰርተፍኬት የሆነው ኮምፕቲያ ኤ ፕላስ ሁለት ፈተና ነው፤ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ። የሲስኮው የኔትወርክ ሰርተፍኬት፣ ሲሲኤንኤ፣ ሦስት ዓመት ሲሞላው ካልታደሰ ያበቃል። እነዚህን ቤት ተቀምጦ መፈተን ይቻላል፤ «ቤት» የሚለው ቃል ግን ማንንም አያዘናጋ። ከመጀመሩ በፊት ክፍሉ በካሜራ ይታያል፤ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል፤ ስልክ ይርቃል። ጥያቄውን ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ያስጠረጥራል፤ ከካሜራው ዞር ማለትም አይቻልም። ሌላ ሰው ወደ ክፍሉ ከገባ ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል። ተፈታኙ ይህን ሁሉ አሟልቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ የመጨረሻዎቹ አምስት ጥያቄዎች ላይ ሲደርስ በሩ ቀስ ብሎ ይከፈታል።

«ልጄ፣ አለፍክ?» ይላሉ እናት።